ልጅቷ ሥራ የለቀቀችው ወዳ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ደብረ ብርሃን ላይ ፋብሪካ በበዛ ቁጥር ለሥራ የሚመጡ ልጃገረዶችም በዝተዋል። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከመርሐቤቴ፣ ከየገጠሩ ይመጣሉ። እኔ ቤት አከራያቸዋለሁ፤ የምጽፍላችሁም በሥራና በመንገድ ስለሚደርስባቸው ወሲባዊ ትንኮሳ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ሰው ሁሉ "ካስቸገራት ለምን አትናገርም?" ይላል። ለማን ትናገር? የሚያስቸግራት እኮ አለቃዋ ነው። ሺፍት የሚመድባት እሱ፣ ኦቨርታይም የሚፈርምላት እሱ፣ የሙከራ ጊዜዋን አልፋለች ብሎ የሚጽፍላትም እሱ። ሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ ሙከራ ይፈቅዳል። በዚያ መሃል "ለሥራው አትሆንም" ከተባለች ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ካሳ ትሸኛለች። ይህን ደግሞ ሰውዬው ከእሷ የበለጠ ያውቀዋል።

እኔ ግቢ የነበረች አንዲት ልጅ የደረሰባትን ልንገራችሁ። ስሟንም ፋብሪካውንም አልጠራም። ተቆጣጣሪዋ መጀመሪያ ስልክ ቁጥሯን ጠየቃት፣ ሰጠችው፤ አለቃ ነው፣ ምን ትበል? ከዚያ ማታ ማታ መደወል ጀመረ። ቀጥሎ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ባለችበት ከኋላ መጥቶ ወገቧን መያዝ፣ ያውም አጠገቧ ያሉት እያዩ እንዳላዩ ሲሆኑ። እምቢ ስትለው የሌሊት ሺፍት ላይ ጣላት። ስልኩ ሲጠራ ጋቢዋን ተከናንባ ምንጣፉ ላይ ስትደፋው ስንቴ አይቻለሁ። ለእናቷ ደውላ ብትነግራት የተሰጣት ምክር "ዝም በይ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም" ነው። አንድ ቀን ጠዋት አልሄድም አለች። በቃ፣ ቀረች። ፋብሪካውም ከሥራ ገበታዋ ቀርታለች ብሎ አሰናበታት።

የሚያንገበግበኝ ሕጉ ከእሷ ጋር መሆኑ ነው። የወንድሜ ልጅ ሕግ ተምሯል፤ አዋጁን ከፍቶ አነበበልኝ፣ ያን ጊዜ ግን ልጅቷ አገሯ ገብታለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳንና ጥቃትን በግልጽ ይከለክላል። ያደረገው አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ከሆነ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ለቅቃ መውጣት ትችላለች። የሥራ ባልደረባዋ ከሆነም ለአሠሪው አመልክታ በጊዜው እርምጃ ካልተወሰደላት እንደዚያው። ከሥራ ስንብት ክፍያ ሌላ የቀን ደመወዟ በ90 ተባዝቶ ይከፈላታል። ግን የለቀቀችበትን ምክንያት በጽሑፍ ማሳወቅ አለባት፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ መብቷን ካልተጠቀመችም ያልፍባታል። 15 ቀን! ደንግጣ፣ አፍራ፣ አልቅሳ ሳትጨርስ የሚያልቅ ጊዜ ነው። አንድ ገጽ ማመልከቻ አስገብታ ቅጂውን ይዛ ብትወጣ ኖሮ የሚጠየቀው ፋብሪካው ነበር። ይህን የነገራት ግን አንድም ሰው የለም።

መንገዱም ከፋብሪካው አይሻልም። ማታ ሰርቪሱ አስፋልት ላይ ያወርዳቸዋል፣ ከዚያ ወደ ሰፈር የሚያስገባው ኮብልስቶን ድቅድቅ ጨለማ ነው። እጅ የሚጎትት አለ፣ ዝም ስትለው "ምን ትኮሪያለሽ!" ብሎ የሚሳደብ አለ፣ የባጃጁን መስታወት አዙሮ ገላዋን የሚያይ አለ። አለባበሷ ነው የሚሉም አሉ። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ ነጠላ የተከናነበችን ልጅ! ትልቅ ሰው አጠገባቸው ያልፍና እሷን "ተይው፣ ልጅነት ነው" ይላታል እንጂ እሱን "ተው አንተ!" አይለውም። ለካፊዎቹ ደግሞ ከሌላ አገር አልመጡም፣ የእኛው ልጆች ናቸው። በዕድሩም በሰንበቴውም ስንቱን እንመክራለን፤ ይህ ነገር ተነስቶ ግን ሰምቼ አላውቅም።

የፋብሪካ ኃላፊዎች ይህን ካነበባችሁ፣ የሴቶቹን አቤቱታ የሚቀበል ሰው ከመስመር አለቆቹ ውጭ ይሁን፣ ሴት ብትሆን ደግሞ ይመረጣል። ስታመለክት ቀን የተጻፈበት ወረቀት በእጇ ስጧት። አዲስ ስትቀጠር ስለ ማሽኑ የምታስረዷትን ያህል ስለዚህም አስረዷት። ከተማ አስተዳደሩም ሠራተኞቹ የሚወርዱበት መንገድ ላይ መብራት ያስገባ፤ ደጋግመን ጠይቀናል።

እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። እነዚህን የአዋጁን አንቀጾች በቀላል አማርኛ፣ ጎላ ባለ ፊደል አንድ ገጽ ላይ አውጡልን። እኔ ቆርጬ ግቢዬ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ለሚያከራዩ ጎረቤቶቼም እየዞርኩ አድላለሁ።

አንዲት ቤት አከራይ
ከደብረ ብርሃን