ማይጨው የነበሩት እማሆይ ናቸው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የዓድዋ በዓልና የማይጨው መታሰቢያ ሲቃረቡ አንባቢዎች ስለ አያቶቻቸውና ስለ ቅድመ አያቶቻቸው የሚልኳቸውን ጽሑፎች ታወጣላችሁ። ይህን በማድረጋችሁ አመሰግናችኋለሁ፤ አንዱንም ሳላነብ አላልፍም። ነገር ግን ከብዙዎቹ የምይዘው ነገር አጣለሁ። አያት ዘመቱ፣ ተዋጉ፣ ወደቁ፤ በቃ። ከማን ጦር ጋር እንደ ዘመቱ፣ ከየት እንደ ተነሡ፣ በየትኛው ወር በየትኛው ተራራ ሥር እንደ ዋሉ የጠየቀ ሰው ያለ አይመስልም። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የጨረስሁ ሴት ነኝና ቀን የሌለው ወረቀት ሳይ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደኛል። የአንድን ሰው ሕይወት ከዘመኑ ታሪክ ጋር ቀን በቀን ማመሳከር ምን ሊያወጣ እንደሚችል በራሴ ቤት ስላየሁ ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው።

በቤታችን ሲነገር የኖረው እንዲህ ነው። ወንድ አያቴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቡልጋ ዘምተው ማይጨው ላይ ወደቁ። ሴት አያቴ፣ በእርጅናቸው ቆብ ስለ ጫኑ ሁላችንም እማሆይ የምንላቸው፣ በልጅነታቸው እናቴን ይዘው መበለት ሆኑ። ከዚህ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እማሆይ ራሳቸው ቁጥብ ነበሩ። አንዳንድ ጊዜ ሲናገሩም ዓመት አይጠሩም፤ የሚጠሩት ጾምና በዓል ነው። ለሚያመሳክር ሰው ግን ከዚህ የበለጠ ሀብት የለም፤ ዓመተ ምሕረት ከሽማግሌ ትዝታ ቶሎ ይጠፋል፤ በቅበላ ይሁን በፋሲካ፣ በልደታ ይሁን በጊዮርጊስ ግን ዕድሜ ልክ አይረሳም።

ከልደታቸው ልጀምር። “የተወለድሁት በሕዳር በሽታ ነው፤ ክርስትና የተነሣሁት በአስተርዮ ማርያም” ይሉ ነበር። የሕዳር በሽታ ያኔ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ በአገራችን የበረታው በ1911 ዓ.ም. ሕዳር ወር ላይ ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው ታመው የዳኑበት፣ በአዲስ አበባ ቀባሪ የጠፋበት ጊዜ ነው፤ ሕዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እየተቃጠለ “ሕዳር ሲታጠን” የምንለው ከዚያ የቀረ ልማድ ነው። አስተርዮ ማርያም ጥር 21 ትውላለች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ ከጥር 21 ወደ ኋላ ስንቆጥር ሕዳር 1 ወይም 2 ላይ እናርፋለን። በሽታው በሚፈጅበት ሰሞን ማለት ነው። ሁለቱን ነገሮች እማሆይ በተለያየ ጊዜ፣ ለተለያየ ሰው ነው የተናገሩት፤ ሲገጣጠሙ ግን ቀዳዳ የላቸውም። እንግዲህ በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ።

ቀጥሎ ያገኘሁት ከሳጥናቸው ሥር የወጣ ወረቀት ነው። በ1935 ዓ.ም. የተጻፈ የማመልከቻ ግልባጭ ነው። ለአራት ታጥፎ ስለ ኖረ በእጥፋቱ መስመር ላይ ያሉት ፊደሎች ተፍቀዋል። ጽሕፈቱ የለመደ የማመልከቻ ጸሐፊ እጅ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ሥርዝ ድልዝ የሌለው። ከግርጌው በወይን ጠጅ ቀለም የታተመ የእማሆይ አውራ ጣት አለ፤ በልጅነታቸው ማጭድ የቆረጣቸው ጠባሳ በአሻራው መካከል እንደ ነጭ ክር ተጋድሞ ይታያል። ይህን ጠባሳ ስለማውቀው ወረቀቱ የሳቸው ለመሆኑ ሌላ ምስክር አላስፈለገኝም። ማመልከቻው “ባሌ ከጦር ሚኒስትሩ ከራስ ሙሉጌታ ጋር ዘምቶ ስለ ሞተ” ይላል። የሞቱበትን ቦታ አይጠቅስም። ስለ አመልካቿም፣ ልጅ የሚያሳድጉ ድኃ መሆናቸውን ከመግለጽ በቀር አንድ ቃል የለበትም። ይህን ኋላ እመለስበታለሁ።

የራስ ሙሉጌታ ይገዙ ስም መገኘቱ ነገሩን ሁሉ ለወጠው። የሳቸው ጦር በጥቅምት 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ተሰልፎ፣ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን ተጉዞ ከመቀሌ በስተ ደቡብ አምባ አራዶም ላይ የመሸገው ነው። ውጊያው ከየካቲት 2 እስከ 11 ነበር። ጣሊያኖች አምባውን በመድፍና በአውሮፕላን ሲደበድቡ ሰንብተው፣ ከግራና ከቀኝ ዞረው ቅዳሜ የካቲት 7 ያዙት። ያፈገፈገው ሠራዊት ከዚያ በኋላ መንገድ ለመንገድ ከሰማይ ተፈጀ፤ ራስ ሙሉጌታም በዚያው ማፈግፈግ ላይ ሞቱ። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ጦርነት ሲገጠም ይህ ጦር እንደ ጦር ከፈረሰ ከወር በላይ ሆኖታል። ከራስ ሙሉጌታ ጋር የዘመተ ሰው ማይጨው ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ብዙ የተረፉ ሰዎች ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተቀላቅለዋል። የእኔ አያት ግን ከተረፉት ወገን ነበሩን?

ለዚህ መልስ የሰጡኝ አክስቴ ናቸው። እማሆይ ቆብ ከመጫናቸው ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ በዐቢይ ጾም ቅበላ ሥጋ አይቀምሱም ነበር። ጎረቤቱ በሙሉ ቅርጫ ገብቶ ሲጠብስና ሲቀቅል፣ እሳቸው ለልጆቹ ወጡን ሠርተው አቅርበው፣ ለራሳቸው ሽሮ በትንሽ ድስት ይጥዳሉ። ልጆቹ ለምን ሲሏቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ “የእኔ ሰው የሄደው በቅበላ ነው።” አክስቴ ይህን የነገሩኝ ስለ ሌላ ጉዳይ ስናወራ፣ እንደ ተራ ነገር ነው።

የ1928 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 4 ቀን ነው። ዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ስለሆነ የገባው ሰኞ የካቲት 9 ነው። ስለዚህ ቅበላው ቅዳሜና እሑድ፣ የካቲት 7 እና 8 ነበር። አምባው የተያዘበት ቀንና ማግስቱ። የማይጨው ጦርነት የተደረገው ግን በጾሙ መገባደጃ፣ ከኒቆዲሞስ እሑድ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው፤ ያንን በምንም መንገድ ቅበላ የሚል ሰው አይኖርም። ወንድ አያቴ የሞቱት አምባ አራዶም ላይ ነው። ማይጨውን አላዩም።

ታዲያ ማይጨው የሚለው ስም እቤታችን እንዴት ገባ? ከባዶ የመጣ አይደለም። እማሆይ ጦርነቱን አንሥተው ካወሩባቸው ጥቂት ጊዜያት አክስቴና እናቴ የያዟቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ በጊዮርጊስ ዋዜማ ሊነጋጋ ሲል መድፍ መተኮስ መጀመሩ ነው። ሁለተኛው ስለ አሸንጌ ሐይቅ ነው፤ አውሮፕላን ሰውና በቅሎ አደባልቆ ሲፈጅ፣ “ውሃ ጠምቶን፣ ውሃ ፊት ቆመን አልጠጣንም” ይሉ ነበር። ሦስተኛው ስለ ፋሲካ ነው፤ የዚያን ዓመት ጾም የፈቱት መንገድ ላይ፣ በጥሬ ሽምብራ ነው። ቤታቸው የደረሱት በግንቦት ልደታ ነው።

እነዚህን ከዘመኑ ታሪክ ጎን አስቀምጧቸው። መጋቢት 22 የጊዮርጊስ ዋዜማ ነው፤ የማይጨው ጦርነትም የተጀመረው ሳይነጋ ነው። አሸንጌ ከማይጨው በስተ ደቡብ፣ ወደ ኮረም በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ያፈገፈገው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በቦምብና በመርዝ ጭስ ያለቀው እዚያ ነው። ፋሲካ የዋለው ከማይጨው በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ከአምባ አራዶም በየካቲት ወር በቀጥታ የተመለሰ ሰው በፋሲካ ገና መንገድ ላይ ሊሆን አይችልም፤ ሁለት ወር ሊሞላው ምን ቀረው። በግንቦት 1 ቡልጋ የደረሰ ሰው ግን ከማይጨው በእግሩ የመጣ ሰው ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ያኔ አራት ቀኑ ነው።

ማይጨው የነበሩት እማሆይ ናቸው፣ ክቡር አዘጋጅ። የዓመት ልጃቸውን ለአማታቸው ሰጥተው ባላቸውን ተከትለው ዘመቱ፤ ባላቸው አምባ አራዶም ላይ ሲሞቱ ከተረፈው ጓዝ ጋር ወደ ኮረም ሰፈር ወርደው ከሠራዊቱ ሳይለዩ ቆዩ፤ ባላቸው በሞቱ ከአርባ ቀን በኋላም ሁለተኛውን ጦርነት አዩ። ለምን ወዲያው እንዳልተመለሱ አክስቴ ጠይቀዋቸው፣ “ብቻዬን በየት በኩል? ደግሞስ የሚፈጭላቸው ማን አለ?” አሏቸው።

የሚፈጭላቸው ማን አለ። የያኔው ሠራዊት አብዛኛው ደመወዝተኛ ወታደር አልነበረም፤ ስንቁን ከቤቱ ይዞ የሚወጣ ባላገር ነው። በሶውና ድርቆሹ ካለቀ በኋላ እህሉን የሚፈጩ፣ ውሃ የሚቀዱ፣ እንጨት የሚለቅሙ፣ ቁስለኛ የሚያነሡ ሴቶች ባይኖሩ ያ ሁሉ ሰው ትግራይ ባልደረሰም ነበር። እቴጌ ጣይቱን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ይገባቸዋልም። ከሳቸው በታች ያሉት ሺሕዎች ግን በየቤታቸው ሳይቀር ተረስተዋል። እኛ ቤት የሆነውን ተመልከቱ፤ በሐሳባችን ዘማች አንድ ብቻ ነበር። ማይጨው የሚለው ስም ከእማሆይ አፍ ሲወጣ ጆሮአችን ለባላቸው ሰጠው። እሳቸውም አላረሙንም። በማመልከቻቸው ላይ እንኳን ያስጻፉት የባላቸውን ዘመቻ ነው፤ መንግሥት የሚያውቀው ያንን እንደሆነ ያውቁ ነበርና።

ለጋዜጣው ሁለት ልመና አለኝ። የአያት ታሪክ ሲላክላችሁ ከማተማችሁ በፊት ላኪውን ጠይቁት፤ ከማን ጦር ጋር ዘመቱ፣ በየትኛው ጾም ወይም በዓል አካባቢ፣ የክርስትና ስማቸውስ ማን ነበር? ወንድ አያቴ በቤተ ክርስቲያን የሙታን መታሰቢያ የሚነሡት በክርስትና ስማቸው ነው፤ ማመልከቻው ላይ ያለው ደግሞ የዓለም ስማቸው ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ያደርጋቸዋል። የዘመን አቆጣጠሩም ይታሰብበት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መቀነሱ እየተረሳ ጦርነቱ በሁለት ዓመት ተከፍሎ፣ አንዳንዴም ማይጨው በ1936 ዓ.ም. ተደርጎ ሲጻፍ አያለሁ። በእኛ አቆጣጠር ከመረብ መሻገር እስከ አዲስ አበባ መያዝ ያለው ሁሉ፣ ከመስከረም 22 እስከ ሚያዝያ 27፣ በአንድ ዓመት በ1928 ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ልመናዬ ስለ ሴቶቹ ነው። በመጪው መጋቢት ለማይጨው በምትሰጡት ገጽ ላይ “ሴት አያትህ በዚያን ጊዜ የት ነበሩ?” የሚል ጥያቄ ለአንባቢ አቅርቡ። ከቡልጋና ከአካባቢው ከራስ ሙሉጌታ ጦር ጋር የዘመቱ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ይህን ካነበባችሁ ደግሞ፣ ከአምባ አራዶም በኋላ የሴቶቹ ጓዝ በየት በኩል ወደ ኮረም እንደ ወረደ ከቤታችሁ የሰማችሁት ካለ በጋዜጣው በኩል ጻፉልኝ። አክስቴ ጆሮአቸው ገና ደኅና ነው፤ የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የዘወትር አንባቢያችሁ