የጎንደር ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም

ለአዘጋጁ፦

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስላለው የሳይንስ ትምህርት ያወጣችሁት ጽሑፍ ችግሩን ሁሉ በዕቃ እጥረት ላይ ጥሎታል። ከዚያ ይልቅ የሚብሰው ባለው ዕቃ እንኳ ተማሪው በእጁ እንዲሠራ አለመደረጉ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፦ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል የሚባለው በባሕር ወለል ላይ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል 2100 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፤ ውሃችንም 93 ገደማ ላይ ይንተከተካል። ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለን አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ይህን ለማየት ግማሽ ሊትር ውሃ፣ ድስት፣ የከሰል ምድጃና እስከ 110 የሚያነብ ቴርሞሜትር ይበቃል። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ታች ከነካ ንባቡ ያለልክ ከፍ ስለሚል በክር አንጠልጥሎ ውሃው መካከል ማዋል ያስፈልጋል። 93 ያየ ተማሪ መጽሐፉን ፈርቶ 100 ብሎ ከጻፈ ግን ሙከራው ከንቱ ነው።

የከተማው ትምህርት መምሪያ በየጉድኝት ማዕከሉ (ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በጋራ በሚገለገሉበት ማዕከል) በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር እንዲሞክሩ ያመቻች። ድስቱንና ከሰሉን የወላጅ መምህር ኅብረት ያዋጣ፣ ቴርሞሜትሩን ትምህርት ቤቱ ያቅርብ። ከሰሉ ስለሚያፍን ክፍል ውስጥ ሳይሆን ግቢ ላይ ይቀጣጠል።

አንድ አንባቢ፣ ከጎንደር