ሙሄ፣ ሳትዘል አንብብላት

እማዬ፣ እንደምን አለሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ወረቀቱን የምታደርስልኝ ልጅ ነገ ማታ ትበራለች፣ እኔም ከሥራ አረፍ ያልኩት ገና አሁን ነው። ሙሄ፣ የምታነብላት አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ። ስላንተ የጻፍኩት ጋ ስትደርስ እንዳትዘል።

ዘይኑ በድምፅ ልካ ሁሉንም ነገረችኝ። ሙሄ ከጉልበቱ በታች እብጠት ማውጣቱን፣ ከጦሳ ተራራ ሩጦ ሲመለስ ማነከሱን፣ ለሶላት ሲንበረከክ ፊቱ መጨማደዱን። በደወልኩ ቁጥር «አብሽሪ፣ ሁሉም ሰላም ነው» ስትሉኝ ሁለት ወር አለፈ። ልቆጣ ብዬ ነበር፤ እኔስ ስንቱን ነግሬያችሁ አውቃለሁ ብዬ ተውኩት።

እማዬ፣ አትደንግጪ። የምሠራበት ቤት ትልቁ ልጅም ኳስ ተጫዋች ነው፣ አምና ልክ እንደ ሙሄ ሆኖ ነበር። ፊዚዮቴራፒ ሲወስዱት ቦርሳ ይዤ አብሬ እሄድ ስለነበር የሚባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። በዚህ ዕድሜ አጥንት በአንዴ ይረዝማል፣ የጭን ጡንቻ ግን እኩል አይደርስበትም፤ ይወጠራል። ልጁ በሮጠ፣ በዘለለ፣ ኳስ በመታ ቁጥር ጡንቻው ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለውን ጅማት ይስባል፣ ጅማቱ ደግሞ የተያያዘበትን የቅልጥም ጫፍ ይጎትታል። ያ ቦታ ገና ለጋ ነው። ሲጎተት፣ ሳያርፍ ደግሞ ሲጎተት ያመዋል፣ ያብጣል። ኦስጉድ ሽላተር ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ስለዚህ ሕመም የጻፉ የሁለት ሐኪሞች ስም ነው። የሰው ዓይን አይደለም እማዬ። አብዛኛውን ጊዜ ዕድገቱ ሲያበቃ ይተወዋል፣ እብጠቷ ብቻ ልትቀር ትችላለች።

ወጌሻውን አልነቅፍም፤ ክንዴ የወለቀ ጊዜ የመለሰልኝ እሱ ነው። እዚህ ግን የወለቀ ነገር የለም። እብጠቷን በቅቤ እያሸ ሲጫናት የቆሰለውን ቦታ ይጎዳዋል። በአላህ ይሁንብሽ፣ ከእንግዲህ እንዳይነካው።

ሙሄ፣ ና አብረን እንቁጠር። ከሱብሂ በኋላ አንድ ሰዓት ሩጫ፣ ከትምህርት መልስ የኳስ ፕሮጀክት ልምምድ ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን፤ 18 ሰዓት ነው። ባለሙያው ለዚህኛው ልጅ፣ የሳምንቱ ልምምድ በሰዓት ከዕድሜህ አይብለጥ ብሎት ነበር። አንተ 13 ነህ፤ ያውም ይሄ ለጤነኛ ጉልበት ነው። የጦሳን ሩጫ ለጊዜው ተወው፣ ቁልቁለቱ ነው የሚያደክምህ። ኳሱን ሕመሙ በማይብስብህ መጠን ተጫወት፤ በማግስቱ ካነከስክ ትናንት በዝቷል ማለት ነው። ከልምምድ በኋላ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለህ 15 ደቂቃ ያዝበት። ግድግዳ ተደግፈህ ተረከዝህን ወደ መቀመጫህ ሳብና 30 ሰከንድ ያህል ቆይ፣ ሳትወዛወዝ። ለአሰልጣኙም ንገረው፤ እንዳይቀንሰኝ ብለህ አትደብቀው። ቀነኒሳ እንኳ ባቱን ተጎድቶ ከውድድር ርቆ ቆይቷል፣ ተመልሶም ሮጧል።

ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ጉልበቱ ራሱ ካበጠ ወይም አልታጠፍ ካለ፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይም ዳሌውንም ካመመው ግን አንድ ቀን አታሳድሩት፣ ሆስፒታል ውሰዱት። ደኅና ቢመስልም አንድ ጊዜ ሐኪም ይየው። ከላክሁት ብር መጀመሪያ የሚነሳው የዚህ ነው። ዘይኑዬ፣ ለኒካሁ ብዬ የላክሁት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቅር አይበልሽ። በሚቀጥለው ወር እተካዋለሁ። ባለፈው የዘገየው ደመወዝ ስለዘገየ ነው እንጂ ረስቻችሁ አይደለም፤ ረሳችን የሚባል ነገር እንዳልሰማ።

ሙሄ፣ አሁን የምልህን ለራስህ ብቻ አንብብ ልልህ ነበር። አይ፣ ጮክ ብለህ አንብበው፣ እማዬም ትስማ። አምና ታኬታውን ስልክልህ «ሩጥ፣ ተጫወት፣ ከዚህ የምታወጣኝ አንተ ነህ» ብዬህ ነበር። ለጨዋታ አልነበረም የተናገርኩት፣ ከልቤ ነው፤ ያን ቀን ከፍቶኝ ነበር። አንተ ደግሞ ቃሌን ይዘህ በጨለማ ዳገት ስትወጣ ከረምክ። ያመመህ የኔ ሸክም ነው ወንድሜ። አውርደው። እኔ በራሴ ጊዜ እመለሳለሁ።

ዘይኑዬ፣ ሒናውን ማን ይቀባሻል? እጅሽን ይዤ እኔ ነበርኩ መቀመጥ ያለብኝ። ድቤውን ስትመቱ አንዳችሁ ስልክ ክፈቱልኝ፤ ወጥ ቤት ሆኜ ድምፁን ብቻ እሰማለሁ፣ ባይታየኝም ግድ የለም። ቀሚስሽ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ማን ማን እንደመጣ፣ እማዬ እንዳለቀሰች እንዳላለቀሰች ሳትደብቂ ንገሪኝ።

እማዬ፣ የግፊት መድኃኒትሽን ተሻለኝ ብለሽ እንዳታቋርጪ። ከሰኞ ገበያ ዕቃ ተሸክመሽ ያን ዳገት አትውጪ፣ በባጃጅ ነይ። የኔ ሥራ ቀላል ነው። ወለሉ ሰፊ ስለሆነ ተንበርክኬ ስወለውል አንዳንድ ቀን ጉልበቴን ይይዘኛል፤ ለልጁ ከያዝንለት በረዶ የተረፈውን ማታ አደርግበታለሁ፣ ይተወኛል። ይህን የጻፍኩት እንድትጨነቂ አይደለም።

ታኬታው ጠበበው አላለችም ዘይኑ? እግሩን ነጭ ወረቀት ላይ አስቁሙና በእርሳስ ዙሩት፣ ፎቶውን ላኩልኝ። ሁለቱንም እግሮች። አዲሱ ታኬታ እስኪሻለው እኔ ጋ ይቀመጥለታል።

ልጅሽ ሀያት