ከልጄ ጋር የከፈትናቸው በሮች

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ልጆች የኮምፒውተር ጨዋታ ያወጣችሁት ጽሑፍ የሚያስፈራውን ሁሉ በጅምላ ኮንኖታል። አዝኛለሁ።

የ11 ዓመት ልጄ ሮብሎክስ በተባለው፣ ሰዎች ጨዋታ እየሠሩ በሚያወጡበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ «ዶርስ» (በሮች) የሚባለውን ጨዋታ ስትጫወት መጀመሪያ ከለከልኳት፤ ኋላ ግን አጠገቧ ተቀመጥኩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ነው። በጨለመ ሆቴል ውስጥ እስከ 100ኛው በር መድረስ ነው፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ቁም ሳጥን ውስጥ መደበቅ።

50ኛው በር ቤተ መጻሕፍት ነው። እዚያ የሚዞረው ፍጡር አያይም፤ ኮቴ ግን ይሰማል። ጎንበስ ብሎ እየሄዱ መጻሕፍት ይለቀማሉ። በእያንዳንዱ ላይ ምልክትና ቁጥር አለ፤ ምልክቶቹን ከአንዲት ወረቀት ጋር አስተያይቶ የቁልፉን 5 አኃዝ ማውጣት ነው። ልጄ ቁጥሮቹን ደብተሯ ጀርባ ላይ በእርሳስ እየጻፈች፣ «እማዬ፣ ሦስት ማዕዘኑን አይተሽዋል?» ብላ ስታንሾካሹክ፣ በልጅነቴ እናቴ በኩራዝ ብርሃን «እንቆቅልህ» ስትለን፣ ከውጭ ጅብ ሲጮህ የተሰማኝ ስሜት መጣብኝ።

ለሁሉም ልጅ ነው አልልም። የ6 ዓመት ወንድሟ አንዴ አይቶ ሌሊቱን ሲባንን አደረ፤ ከዚያ ወዲህ እሱን አላስጠጋውም።

እባካችሁ ጨዋታዎቹን በስም እየጠራ፣ የትኛው ምኑ እንደሚያስፈራና ምኑ እንደሚያመራምር ለወላጅ የሚነግር ዓምድ ክፈቱ። ፕሮግራም የምትጽፉ ወጣቶችም አስቡበት፤ የሮብሎክስ ጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። በ፩፣ ፪፣ ፫ የሚከፈት ቁልፍ፣ በሩ ላይ የአያቶቻችን እንቆቅልሽ ያለበት ጨዋታ ብትሠሩ ቀድማ የምትገባው ልጄ ናት።

አንዲት እናት፣ ከገርጂ