ፅንስ የጨነገፈባት ሠራተኛ ደመወዝ ለምን ይቆረጣል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ወሊድ ፈቃድ በጋዜጣም በሬዲዮም ሲወራ ልጇን ታቅፋ የምትመለሰዋ እናት ብቻ ትታሰባለች። ፅንስ የጨነገፈባት ወይም ልጇ ሞቶ የተወለደባት ሠራተኛ ግን በሐዘኗ ላይ የደመወዝ ቅነሳ ይታከልባታል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚሆነው ሕጉ ነፍጓት ሳይሆን ወረቀቱ በጊዜው ስላልተያዘ ነው። ይህን የጻፍነው ሐዋሳ ውስጥ በአዋላጅነትና በሠራተኛ ጉዳይ የምንሠራ ሰዎች ነን። የምናወራው በኢንዱስትሪ ፓርኩም ሆነ በሌላ የግል ድርጅት ስለተቀጠሩት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ አዋጅ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ጭንገፋ ለብቻው የደነገገው ነገር የለም። ስለዚህ ቀኖቹን ለሁለት ከፍሎ ማየት ይጠቅማል። ደም ሲታይና ሐኪም «ተኚ» ሲል ሴትየዋ ገና ነፍሰ ጡር ናት፤ በአንቀጽ 88 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ በሐኪም ትእዛዝ የምታርፍበት ጊዜ ደመወዝ የሚከፈልበት ነው። ፅንሱ ከወረደ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ በአንቀጽ 85 እና 86 የሕመም ፈቃድ ነው። ሐኪሙ ሁሉንም በአንድ ወረቀት «ታማ ነበር» ብሎ ሲጽፈው የፊተኛው ሳምንትም ከሕመም ፈቃዷ ይቀነሳል። ከእያንዳንዱ ቀን መነሻና መድረሻ ጋር፣ ማኅተም ያረፈባቸው ሁለት ወረቀቶች ከሆስፒታሉ ሳይወጡ መጠየቅ ይሻላል። በኋላ ተመልሶ ያለፈ ቀን ማጻፍ አስቸጋሪ ነው፤ ኤች አርም (የሰው ኃይል ክፍሉ) በጥርጣሬ ያየዋል።

የቀረች ሠራተኛ በማግስቱ ለአሠሪዋ ማሳወቅ አለባት። ለሱፐርቫይዘሩ መደወል ብቻውን አይበቃም፤ ሱፐርቫይዘሩ ሊረሳ፣ ወደ ሌላ ላይን (የምርት መሥመር) ሊቀየር ይችላል። ቀኑን የያዘ አጭር የስልክ መልእክት ይላክ፣ አይሰረዝ። የሐኪሙ ወረቀትም ከመሰጠቱ በፊት ፎቶ ይነሳ፤ ኮፒው ላይ «ደርሶኛል» ተብሎ ይፈረምበት። ያለ ማስረጃ የቀሩ ቀኖች በ6 ወር ውስጥ 5 ከደረሱ ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት ሆነው ይቀርባሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ለሒሳብ ያህል መነሻ ደመወዟ 3,000 ብር የሆነች ሠራተኛ አንድ ወር ከ15 ቀን ብትቀር 3,000 እና 750፣ በድምሩ 3,750 ብር ታገኛለች፤ የጎደላት 750 ብር ነው። ትልቁ ጉድለት ግን እዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። ሳትቀር ለሠራች የሚጨመረው የአቴንዳንስ ቦነስና ትርፍ ሰዓቱ ይቀራል፤ ድርጅቱ የሚያበላት ምሳም ከኪሷ ይሆናል። ከደመወዟ እኩል በእነዚህ የምትኖር ሴት «ሙሉ ደመወዝ ይከፈልሻል» ስትባል ተማምና የቤት ኪራይ ቀኑ ሲደርስ ትደነግጣለች። ሌላም ክፍተት አለ፤ የሕመም ፈቃድ የሚገባት የሙከራ ጊዜዋን ለጨረሰች ብቻ ነው። አዲስ ተቀጣሪ ከሆነች ያለ ክፍያም ቢሆን ፈቃዱን በጽሑፍ ትያዝ።

ልጁ ሞቶ ከተወለደ ጉዳዩ ይለያል። ሕጉ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ይሰጣል፤ ልጁ በሕይወት መወለድ አለበት አይልም። በወለደች በ4 ወር ውስጥ እንዳትሰናበት የሚጠብቃት ድንጋጌም እንዲሁ ነው። በእኛ አረዳድ 28 ሳምንት አልፎ የሞተ ልጅ የወለደች ሴት ወልዳለች፤ የሆስፒታሉ ወረቀትም «ወሊድ» ማለትና የእርግዝናውን ሳምንት መጥቀስ አለበት። «የማሕፀን ሕመም» ብቻ ከተባለ 90ውን ቀን መጠየቂያ የላትም። ከዚያ ሳምንት በፊት ለሆነ ጭንገፋ ግን ምስጢሯን መጠበቅ የምትፈልግ ሴት በሕመም ፈቃዱ ወረቀት ላይ ዝርዝሩ እንዳይጻፍ ሐኪሟን ብትጠይቅ አይከፋም፤ ለዚህ ወረቀት ደመወዝ ክፍሉን የሚያስፈልገው የቀኑ ብዛትና ማኅተሙ ነው።

ከብድሩም ከእቁቡም የሚቀድም አንድ ወጪ አለ። የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ ከሆነና እርግዝናው ከ12 ሳምንት ያለፈ ከሆነ፣ ሰዉ ሾተላይ የሚለውን ችግር የሚከላከለው ፀረ ዲ መርፌ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት አለበት። መድኃኒቱ በየፋርማሲው የሚገኝ አይደለም፤ ወጪውም ከበድ ይላል፤ ደመወዝ እስኪገባ ይቆይ የሚባል ግን አይደለም። የደም ዓይነት ምርመራው በዚያው ቀን ይጠየቅ።

እቁብ ያላት ከዕጣው ቀን በፊት ለዳኛውና ለጸሐፊው ትንገር። ዕጣዋ ካልወጣ ተራ እንዲያስቀድሙላት መለመን ይቻላል፤ ዕጣዋ ወጥቶ ከሆነ ግን ዝም ብላ ብትቀር የሚጠየቀው ዋሷ ነው፣ ጓደኝነትም የሚበላሸው በዚህ ነው። ከእድር ለጭንገፋ ገንዘብ ይመጣል ብሎ ከመተማመን በፊት መተዳደሪያ ደንቡን ማየት ነው። በስልክ የሚገኘው ብድር ፈጣን ስለሆነ ለኪራይ ይወሰዳል፤ በግማሽ ደመወዝ ወር መመለስ ሲያቅት ግን ክፍያው ይደራረባል። ስለዚህ ከመበደር በፊት ለአከራይ የከፊል ክፍያ ቀን መቁረጡ ይሻላል።

ወደ ሥራ ስትመለስ በደም ማነስ ምክንያት ቆማ የምትሠራ፣ በተለይ ካውያ ላይ የምትሆን ሴት ራሷ ይዞርባታል። ሄሞግሎቢኗ ይታይ፤ የብረት ክኒን ከታዘዘላት ከቡናና ከሻይ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቃ ትዋጠው፣ አለበለዚያ ብረቱ ወደ ሰውነቷ በደንብ አይገባም። እርግዝናው የገፋ ከነበረ በሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ጡቷ ወተት ሊሞላ ይችላል፤ አይታለብ፣ ጠበቅ ያለ ጡት መያዣና ቀዝቃዛ ጨርቅ ይበቃል። ይህን ማንም አስቀድሞ ስለማይነግራቸው ላይን ላይ ልብሳቸው ረጥቦ የሚሸማቀቁ አሉ። ሁለት ሞዴስ በሰዓት እየራሰ ለተከታታይ ሁለት ሰዓት ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ፈሳሹ ከሸተተ ሺፍቱ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ወዲያው ሆስፒታል ነው። ከምሽት 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት እንዳትሠራ የሚከላከላት ሕግ ለነፍሰ ጡር ነውና ጭንገፋው ሲያልፍ አይሸፍናትም፤ ስለዚህ ለተወሰኑ ሳምንታት የቀን ሺፍት ሐኪሙ በጽሑፍ ቢያዝላት ይበጃል።

በሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ የምታጸዳው ወይም መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምታፈላው ሴት ፈቃድ የምትጠይቀው የላትም። ለእርሷ ዋናው ቦታዋን የሚጠብቅላት ሰው ነው፤ 20 ሊትር ጀሪካኑንም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሌላ ሰው ያንሳላት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነች መታወቂያዋ መታደሱን ታረጋግጥ።

በሐዘን ሳምንት መልቀቂያ የሚጽፉ ብዙ ናቸው። የዓመት ፈቃድ ካለ እርሱ ይቅደም፤ ለከባድ ጉዳይ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ይፈቀዳል፤ ባልም ይህን መጠየቅ ይችላል። ያለ 30 ቀን ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ካሳ ሊያስከፍል ይችላል። ተገድዳ የተባረረች ደግሞ ወደ ሥራ ለመመለስ የምትከሰው በ3 ወር ውስጥ ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝ የመጠየቅ መብት በ6 ወር ይዘጋል።

ድርጅቶቹና የሠራተኛ ማኅበራቱ የኅብረት ስምምነት ሲያድሱ አንድ አንቀጽ እንዲጨምሩ እንጠይቃለን፦ «ፅንስ የተቋረጠባት ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ ስታቀርብ 10 የሥራ ቀን ከሙሉ ደመወዝና ከአቴንዳንስ ቦነስ ጋር ታርፋለች፤ ቀኖቹም ከሕመም ፈቃዷ አይቀነሱም።» የኅብረት ስምምነት ከአዋጁ የተሻለ መስጠት ይችላል፤ የሚከለክለው የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የአዋላጅነትና የሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያዎች፣ ከሐዋሳ