ለነርሲስ ናልባንዲያን ምሽት ለደከማችሁ ሁሉ

ቅዳሜ ፒያሳ ላይ ለሙዚቃ አቀናባሪው ለነርሲስ ያዘጋጀናት የመታሰቢያ ምሽት በሰላም አልቃለች። በሰላም ስል መብራት መጥፋቱን ሳልቆጥር ነው።

ፒያኖውን ሳያቅማሙ ያዋሱን እማማ፣ እግዜር ይስጥልን። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ላወጡት ወዛደሮችም ምስጋናችን ይድረስ። መታጠፊያው ላይ ሲጠባቸው አንዱ «ቀስ በሉ፣ ይሄ ሶፋ አይደለም!» ብሎ ሲቆጣ ልቤ አረፈ። ዋጋም አልተሟገቱን፤ ለፒያሳ ይሄ ተአምር ነው።

ጋሼ፣ ስሜን እንዳትጠራ ስላሉኝ አልጠራዎትም። ልምምዱ ላይ ልጆቹ በአንቺሆዬ፣ በአገራችን ቅኝት፣ ሲጫወቱ ፒያኖው ዜማውን ሲያበላሸው እርስዎ ነዎት ያስቆሙን። አንቺሆዬ ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ፣ ማለትም ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን እንዳሉ ቁልፎች፣ የሚራራቁ ኖታዎች አሉ። የፈረንጅ ኮርድ፣ አብረው የሚመቱት ኖታዎች፣ እንዳለ ሲጫንበት ይጋጫል። እርስዎ ከኮርዱ ሁለት ጣት አስነሱ፣ ዜማው ወዲያው ለዛው ተመለሰ። የነርሲስ ሥራ ምን ያህል አድካሚ እንደነበር ያኔ ገባኝ። እሳቸው እኮ ይህን ለትራምፔት፣ ለትሮምቦንና ለሳክስፎን ነው እያመዛዘኑ የጻፉት።

ለማያውቋቸው ባጭሩ፦ ነርሲስ አርመን ናቸው። አጎታቸው ኬቮርክ፣ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው ወላጅ አልባ አርመናውያን ወጣቶች፣ የ«አርባ ልጆች»፣ ባንድ መሪ ነበሩ። ነርሲስም አጎታቸውን ተከትለው መጡና ቀሩ። የማዘጋጃ ቤቱን ኦርኬስትራ አሠለጠኑ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም የዛሬውን ብሔራዊ፣ ኦርኬስትራ መሩ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተማሩ። ያረፉትም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ብሔራዊ ፊት ለፊት ያለውን አንበሳ የማያውቅ የለም፤ ውስጥ የለፉትን ሰውዬ ግን ከታክሲ ተራው ጠይቁ እስቲ። እኔን ይሄ ያበግነኛል።

መብራቱ የጠፋው ሁለተኛው ዜማ መሀል ነው። ልጆቹ አላቋረጡም። ጎበዞች! ታዳሚውም ሳይንጫጫ የስልኩን መብራት ወደ ኖታው አዞረላቸው። ጀኔሬተሩን ከካፌው ድረስ እየገፋ ያመጣልን ጎረቤታችን፣ የነዳጁን ሒሳብ አልቀበልም ብለሃል፤ እንግዲያው ማኪያቶ በኛ ነው፣ እምቢ የለም።

ሻይ ያፈላችሁ፣ ወንበር የደረደራችሁ፣ ማታ አዳራሹን የጠረጋችሁ፣ ሁላችሁም ክበሩልን።

ያዋሳችሁንን የኖታ ማስቀመጫዎች እስከ ዓርብ እንመልሳለን። አንዱ እግሩ ላልቷል፤ አስጠግነን ነው የምናመጣው።