ለሐይቅ የወፍ ጉብኝት የተገባው ውል ስላለመፈጸሙ የቀረበ ቅሬታ

ደሴ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጉዞ አዘጋጅ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ቅዳሜ ጥር 17 ቀን ለስድስት ሰው በተከፈለበት የሐይቅና የመስኖ ግድብ ጉብኝት ላይ የታዩትን ጉድለቶች ከዚህ በታች እናቀርባለን።

ከደሴ መነሻው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው ተብሎ ተፈርሟል። መኪናው የመጣው 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰዓቱ በውሉ የገባው በምክንያት ነበር። የሐይቅ ከተማና አውራ ጎዳናው ያሉት ከውኃው በስተ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ከዚያ ዳርቻ የሚያይ ሰው ፀሐይን ፊት ለፊት ይጋፈጣል። ውኃው ሲያንጸባርቅ ዳክዬው ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። የፒንቴል ዳክዬን ሹል ጅራትና የሾቨለር ዳክዬን ማንካ መሳይ ምንቃር በቅርጽ መለየት ይቻል ይሆናል፤ የሴቶቹን ላባ ግን ማንም አይለየውም። ስለዚህ ወይ ፀሐይ ሳትወጣ መድረስ፣ ወይ ጠዋቱን ለግድቡ ሰጥቶ ሐይቁን ከ9 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ከጀርባ ስትሆን ማየት ነበር። መሪያችሁ አንዱንም አላደረገም።

ቴሌስኮፑ ያለ ባለሦስት እግር መቆሚያው መጣ። 30 እጥፍ የሚያጎላ መሣሪያ በእጅ ተይዞ አይታይበትም። መኪናው መስኮት ላይ ቢደገፍም ሞተሩ ስላልጠፋ ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ጀልባው ነው። በውሉ ያልነበረ ባለሞተር ጀልባ ተከራይቶ በቀጥታ ወደ ቄጠማው ተነዳ፤ መንጋው እንዳለ ተነሣ። እነዚህ ወፎች ከሰሜን መጥተው እዚህ ሲከርሙ ለመልስ ጉዞ ስብ ያጠራቅማሉ፤ በተነሡ ቁጥር ያጠራቀሙትን ያቃጥላሉ። ዳክዬ በራሱ ብድግ ሲል ደግሞ ብዙ ጊዜ አዳኝ መምጣቱን ይጠቁማል፤ ቄጠማውን ዝቅ ብሎ የሚያስስ ማርሽ ሃሪየር የተባለ አዳኝ ወፍ የሚገኘው በዚህ ምልክት ነው። ጀልባ ካስነሣው በኋላ ያ ምልክት የለም።

ከግድቡ በላይ የታየው ንስር በላካችሁት ዝርዝር ላይ «ቶኒ ኢግል» ተብሏል። ፎቶው እጃችን ላይ ነው፦ የአፉ ቢጫ መስመር እስከ ዓይኑ የኋላ ጠርዝ ይዘልቃል፣ በክንፉ ሥር ሰፊ ነጭ መስመር አለ። ይህ ወጣት ስቴፕ ኢግል ነው። የቶኒው መስመር ከዓይኑ መሐል አያልፍም፤ እሱ እዚሁ ነዋሪ ነው። ስቴፑ በጋውን ለማሳለፍ ከእስያ የሚመጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ የተመዘገበ ስለሆነ ስሕተቱን እንደ ቀላል አናየውም።

ስለዚህ፦ የክፍያው ግማሽ ይመለስ፣ ወይም ወፎቹ ወደ ሰሜን መመለስ ሳይጀምሩ፣ የካቲት ሳይጋመስ ጉብኝቱ ያለ ጀልባ፣ መቆሚያው ከተሟላ ቴሌስኮፕና ንስር ለይቶ ከሚያውቅ መሪ ጋር ይደገም። የተስተካከለው ዝርዝር ለስድስታችንም ይላክልን። መልሳችሁን እስከ ጥር 30 እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
ስድስቱ ተጓዦች